ለቆየ የሳይነስ ሕመም የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የዕለት ኑሮን ምን ያህል ይለውጣል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ መምህርት

የተከበራችሁ አንባብያን፣

የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ አፍንጫዬ በሁለቱም በኩል ይዘጋል፣ ወፍራም ንፍጥ ሌት ተቀን ወደ ጉሮሮዬ ይወርዳል፣ ሽታ የሚባል ነገር ከጠፋብኝም ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ዳማከሴ ጨምቄአለሁ፣ ባሕር ዛፍ ታጥኛለሁ፤ ቀጥሎም በየጤና ጣቢያው የታዘዘልኝን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደጨረስሁ አላስታውሰውም። በመጨረሻ ወደ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ተላክሁ። ሐኪሙ በኤንዶስኮፒ (በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ መሣሪያ) አይቶ፣ ሲቲ ስካንም አስነሥቶ፣ በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎቼ ውስጥ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ እብጠት መብቀሉንና ሳይነሶቼ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች፣ በብዛት መደፈናቸውን ነገረኝ። ለሦስት ወር የስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ስፕሬይና የጨው ውኃ እጥበት አዘዘልኝ፤ በመካከሉም ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ስቴሮይድ ሰጠኝ። የሚዋጠውን በወሰድሁበት ሰሞን ሽታዬ ተመልሶ የቡና ቁሌት ሲሸተኝ አለቀስሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እንደገና ጠፋ። አሁን ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ይሻላል ብሎኛል።

ከባዱ ነገር የራስ ሕመሙ አይደለም። ሌሊት በአፌ ስለምተነፍስ ጉሮሮዬ ደርቆ ሦስት አራት ጊዜ እነቃለሁ፤ ጠዋት ክፍል ስገባ ገና ደክሞኛል። ቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ ድምፄ ስለሚታፈን ተማሪዎቼ «ምን አሉ ቲቸር?» እያሉ ይደጋግሙኛል፤ በየመሀሉ ዞር ብዬ መናፈጥ ያሳፍረኛል። ባለፈው መስከረም የጋዝ ምድጃው በደንብ ሳይዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም፣ ልጄ ከውጭ ገብቶ «እማዬ፣ ጋዝ!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጎረቤቶቼ «አንዴ ከተነካ ይደጋገማል፤ ዓይንና አንጎል አጠገብ ነው፤ ተዪው» ይሉኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ ቀዶ ሕክምናው በእውነት ኑሮን ይለውጣል? ሽታስ ይመለሳል? እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

መልስ፦ ከአራት ዓመት በፊት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት

ለእኅቴ ለመምህርቷ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ እያልሁ፣ የደረሰብኝን እንደ ደረሰብኝ ልንገርሽ። «አንቺ» ማለቴን በእኅትነት ተቀበዪልኝ።

የእኔም ፖሊፕ ነበር። ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ በሙሉ ሰመመን ሲሆን፣ ፊቴ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለም፤ ሁሉም የተሠራው በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ቀላል ነበር ብዬ አላታልልሽም። ሁለት ትራስ ደርቤ ቀና ብዬ ተኛሁ፤ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ውስጡ ቅርፊት ይሠራል፣ ከበፊቱ ይልቅ የተዘጋብኝ መስሎኝ «ምነው ባላደረግሁት ኖሮ!» ብዬ ተጸጽቼ ነበር። ሕመሙ ከፈራሁት ያነሰ ነው፤ የከበደኝ መናፈጥ መከልከሉ ነው። ጎንበስ ማለትም ክልክል ነው። የእኔ ቀን ከስቅለት አሥር ቀን ቀድሞ ስለነበር ስግደቱ ቀረብኝ፤ የንስሐ አባቴ «ተቀምጠሽ ጸልዪ፤ የታመመ ሰው ስግደት አይጠየቅም» ብለው አጽናኑኝ። አንቺም ቀኑን ስታስቆርጪ ጾምና በዓሉን አስቢበት።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ጋ እየተመላለስሁ ቅርፊቱ በመሣሪያ ተጸዳልኝ። ለውጡን ያወቅሁት በአንድ ሌሊት ነው፤ ተኝቼ ስነቃ ነግቷል፣ አፌም አልደረቀም። ለስንት ዓመት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ በበኩሉ «ማንኮራፋትሽ ቆመ ብዬ እስትንፋስሽን ሳዳምጥ አደርሁ» አለኝ። ሽታው ቆይቶ መጣ፣ ያውም በጥቂቱ። መጀመሪያ የለየሁት ቡና ውስጥ የገባውን ጤና አዳም ነው፤ ስኒውን አፍንጫዬ ሥር ይዤ ብዙ ቆየሁ። ዛሬም ቢሆን እንደ ልጅነቴ አልሆነም፣ ረቂቅ ሽታዎች ያልፉኛል፤ የሚያርር ወጥና የሚያፈስ ጋዝ ግን አያልፈኝም።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለዳንሁ፣ በሁለተኛው ዓመት እጥበቱንም ስፕሬዩንም ተውሁት። የታከምሁበት ቦታ ስወጣ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሕመም እንደ ትርፍ አንጀት ተቆርጦ የሚያበቃ ሳይሆን እንደ አስም በመድኃኒት የሚያዝ መሆኑን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። በግራ በኩል ፖሊፑ ተመልሶ በቀለ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ስለ ሄድሁ በመድኃኒት ቀንሷል፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እጥበቱን እንደ ጥርስ መፋቅ ይዤዋለሁ። ጎረቤቶችሽ «ይደጋገማል» የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም የሚደጋግመው ሕመሙ ነው እንጂ ቢላዋው አይደለም።

መልስ፦ በእንግሊዝ አገር የሚሠራ ከአንገት በላይ ሐኪም

ለመምህርቷ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎን ሳልመረምር ስለ እርስዎ ሁኔታ ቁርጥ ያለ ቃል መስጠት አልችልም፤ የጠየቁት ግን በብዙ ሰዎች ላይ የተጠና ስለሆነ የተረጋገጠውን ላቀርብልዎ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ምንነት። ቀድሞ የጉንጭ ሳይነስ የሚከፈተው ከላይኛው ከንፈር ሥር ድድ ተሰንጥቆ፣ አጥንት ተበስቶ፣ የውስጡም ሽፋን ተፍቆ ነበር፤ ጎረቤቶችዎ የሚያስፈራሩዎ ከዚያ ዘመን በቀረ ወሬ ሊሆን ይችላል። በኦስትሪያ የግራዝ ከተማ ሐኪም የነበሩት ዋልተር ሜሰርክሊንገር በኤንዶስኮፕ እየተመለከቱ፣ ሳይነሶች ንፍጣቸውን የሚያስወግዱት ፀጉር መሰል በሆኑ ጥቃቅን አካላት እየተገፋ ሁልጊዜ ወደ ተፈጥሯዊው በር በሚያመራ የተወሰነ መንገድ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ፤ ሽፋኑን መፋቅ ቀርቶ የተደፈነውን የተፈጥሮ በር ማስፋት፣ ፖሊፑን ማንሣት፣ ቀሪውን ሽፋን ማትረፍ ሆነ። ይህ አሠራር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሕሙማን የማይነገራቸው ነገር ነው፦ በሩ ተደፍኖ ሳለ የሚነፉት ስፕሬይና የሚያጥቡበት የጨው ውኃ ወደ ሳይነሱ እምብዛም አይገባም፤ በሩ ሲሰፋ ግን መድኃኒቱ ሕመሙ ያለበት ቦታ ይደርሳል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ እኅት ሕመሙን ከአስም ጋር ማመሳሰላቸው ትክክል ነው፤ ቀዶ ሕክምናው የመድኃኒቱን መንገድ ይጠርጋል እንጂ የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። እኛ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ውጤትን የምንለካው በሲቲ ስካንና በኤንዶስኮፕ በምናየው ነበር። ችግሩ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ክብደትና ሰውየው የሚሰማው ስቃይ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ሳይነሱ ሁሉ ተደፍኖ ሥራውን የሚሠራ አለ፣ ጥቂት ተደፍኖበት ኑሮው የተናጋ አለ። ስለዚህ ዛሬ የምንጠቀመው ስኖት-22 የሚባለውን መጠይቅ ነው። 22 ጥያቄዎች አሉት፤ ሕመምተኛው እያንዳንዱን ከ0 እስከ 5 ይመዝናል፣ ድምሩም ከ0 እስከ 110 ይሆናል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ችግሩ የከበደ ነው። ጥያቄዎቹ ስለ አፍንጫ መዘጋትና ስለ ንፍጥ ብቻ አይደሉም፤ ሌሊት መንቃት፣ ደክሞ መነሣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መነጫነጭ፣ ማዘን፣ ማፈርም ይጠየቃሉ። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ከመጠይቁ ላይ የተገለበጠ እስኪመስለኝ ድረስ አንድ በአንድ አገኘኋቸው። ተማሪ ፊት ዞር ብሎ መናፈጥ የሚያሳፍር መሆኑን እንደ ምልክት ቆጥሮ ለሐኪም የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ እርስዎ ግን ይናገሩት።

በእንግሊዝና በዌልስ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 3,128 ሕሙማን በዚሁ መጠይቅ ለዓመታት ተከታትለው ተመዝግበዋል። ከቀዶ ሕክምናው ከሦስት ወር በኋላ አማካይ ድምራቸው 25.5፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ 28.2 ነበር፤ ይህም ከመነሻቸው በ14 ነጥብ ያህል የተሻለ ነው። ሰው በራሱ ኑሮ ላይ ለውጥ መጣ ብሎ እንዲሰማው የሚያስፈልገው ልዩነት ወደ 9 ነጥብ ገደማ መሆኑን ስንገነዘብ፣ 14 ትንሽ ቁጥር አይደለም፣ ያውም አምስት ዓመት የቆየ። እዚያው ላይ ግን 19.1 በመቶ የሚሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፤ ፖሊፕ ያለባቸው ለብቻ ሲታዩ 20.6 በመቶ ናቸው። እንግዲህ የጎረቤቶችዎ ወሬ ለአምስት ሰው አንድ ያህል እውነት ነው፣ ለአራቱ ግን አይደለም።

ለብዙ ዓመታት ይቀርብ የነበረው ትክክለኛ ተቃውሞ፣ እነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ባይደረግላቸውስ ይሻላቸው እንደሁ ማን ያውቃል የሚለው ነበር። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የብሪታንያ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። 514 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ተመደቡ፤ አንደኛው ወገን ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛው ለሦስት ወር ክላሪትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ፣ ሦስተኛው መድኃኒትነት የሌለው እንክብል አገኘ፣ ሁሉም ደግሞ የተለመደውን ስፕሬይና እጥበት ቀጠሉ። በስድስተኛው ወር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ድምር፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ወደ 20 ነጥብ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ፀረ ባክቴሪያው ግን ከባዶው እንክብል ያን ያህል አልተለየም። ይህ ሁለተኛው ውጤት በአገራችን ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እርስዎም እንዳሉት ለቆየ ሳይነስ ፀረ ባክቴሪያ በላይ በላይ ሲታዘዝ ይኖራል።

ለመሆኑ ማን ነው የሚጠቀመው? መነሻ ድምሩ ከ30 በላይ የሆነ ሰው ትርጉም ያለው ለውጥ የማግኘት ዕድሉ ከ70 በመቶ ይበልጣል፤ ድምሩ ከ20 በታች የሆነው ግን ያን ያህል ተስፋ ማድረግ አይኖርበትም፣ ለእርሱ በመድኃኒት መቀጠል ይሻላል። እርስዎ መጠይቁን ከሐኪምዎ ጋር ሞልተው ቁጥሩን ይወቁት።

የዓይንና የአንጎል ሥጋት መሠረት አለው፤ ሳይነሱን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፣ ከበላይም የአንጎል ሽፋን አለ። ከላይ በጠቀስሁት ምዝገባ ከባድ ጉዳት፣ ማለትም ብርቱ የደም መፍሰስ፣ የዓይን ጉዳት ወይም የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስ፣ የደረሰው በ0.4 በመቶው ላይ ነው፤ ቀለል ያለ ችግር፣ በአብዛኛው መድማት፣ በ6.6 በመቶው ታይቷል። ከባዱ ጉዳት እንግዲህ ከ1,000 ሰው በአራቱ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ ስለዚህ ሐኪምዎን «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብለው መጠየቅ ድፍረት አይሆንብዎትም።

ስለ ሽታ፣ በሚዋጠው ስቴሮይድ ለሁለት ሳምንት መመለሱ መልካም ምልክት ነው፤ ሽታን የሚቀበለው ነርቭ እንዳልሞተ፣ መንገዱ ግን እንደተዘጋና እንዳበጠ ይጠቁማል። ተስፋ አለ ለማለት ይህ ይበቃኛል፣ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ወስደው አስምዎ ተነሥቶብዎት ያውቃል? አስም፣ ፖሊፕና የእነዚህ መድኃኒቶች አለመስማማት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ፖሊፑ ቶሎ የመመለስ ጠባይ አለው፤ ለቀዶ ሐኪሙም ለሰመመን ባለሙያውም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

መልስ፦ ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ይህ ለመምህርቷ አይደለም፤ የእርሳቸው በኤንዶስኮፒም በሲቲም የተረጋገጠ ነው። ይህን ገጽ የሚያነቡ ሌሎች ወገኖቼ ግን እንደ እኔ እንዳይሆኑ ብዬ ነው።

እኛ ግንባርና ዓይናችን መካከል ባመመን ቁጥር «ሳይነሴ ተነሣ» እንላለን። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስል ኖሬ፣ አንድ ክሊኒክ ለቀዶ ሕክምና ቀን እስከ መቁረጥ ደረሰ። ቀኑ ሳይደርስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ፤ ራሴን ባመመኝ ሰሞን ሲቲ ስካን ስነሣ ሳይነሶቼ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ሕመሜ ማይግሬን ነበር። ብርሃንና ድምፅ ይረብሸኝ ነበር፣ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ከሳይነስ ጋር አይገናኝም ብዬ አልተናገርሁም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በዚህ አገር የሳይነስ ራስ ምታት አለብን ባሉ ወደ 3,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 88 በመቶዎቹ የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ምልክት አሟልተው ተገኝተዋል። ንፍጥና መዘጋት ሳይኖር፣ ሽታም ሳይጠፋ ራስን ብቻ የሚያማችሁ ከሆነ፣ አፍንጫችሁን ለቢላዋ ከመስጠታችሁ በፊት ስለ ማይግሬን ጠይቁ። በተሳሳተ ሕመም ላይ በትክክል የተሠራ ቀዶ ሕክምና ኑሮን አያሻሽልም።

የጠያቂዋ መልስ፦ ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መጠይቁን ከሐኪሜ ጋር ሞላነው፤ 58 ሆነ። ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለሽታ፣ ሌሊት ለመንቃትና ለማፈር ነው። ሐኪሜም «ስድስት ወር ቆይተን እንደገና እንሞላዋለን» ብሎ ከፋይሌ ጋር አያይዞታል። አስፕሪን አንድ ጊዜ ወስጄ ደረቴ ተዘግቶብኝ እንደነበር ትዝ አለኝና ነገርሁት፤ በካርዴ ላይ በቀይ ጻፈው።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ክፍሌ በጠመኔ የምጽፍበት አቧራማ ክፍል ስለሆነ መቼ ልመለስ? የጨው ውኃውንስ ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ? የተዘጋጀው ፓኬት በየጊዜው አይገኝም፣ ሲገኝም ለዕድሜ ልክ የሚገዛ ዋጋ አይደለም።

መልስ፦ በእንግሊዝ አገር የሚሠራው ሐኪም

አስፕሪኑን ማስታወስዎ ትልቅ ነገር ነው። ወደፊት ለራስ ምታትም ቢሆን ማስታገሻ ሲገዙ ለፋርማሲው አስቀድመው ይንገሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የትኛውን ማስታገሻ መውሰድ እንደሚችሉ ሐኪምዎ ይጻፍልዎ።

ወደ ክፍል ለመመለስ አብዛኛው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ለእርስዎ ጠመኔውና ቀኑን ሙሉ መናገሩ ስላለ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ይውሰዱ። በእነዚህ ቀናት ከባድ ነገር አያንሡ፣ አይናፈጡ፤ ማስነጠስ ከመጣም አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። እንደተመለሱም ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን ተማሪዎች በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉልዎ። በቤትዎ ቡና ሲፈላ የእጣኑ ጭስ ለአንድ ወር ያህል ቢቀር ጥሩ ነው፤ ቤተሰብዎ ቅር እንዳይለው አስቀድመው ያስረዱት።

የጨው ውኃው ቤት ውስጥ በደንብ ይዘጋጃል፤ ጥንቃቄው በውኃው ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ እንዲሁ ወደ አፍንጫ አይገባም፤ ለሆድ የማያሰጉ ጥቃቅን ተሕዋስያን በአፍንጫ ሲገቡ አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ የአንጎል ሕመም ያመጣሉ። ውኃው ይፍላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ከተንተከተከ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ። ለብ ሲል ለአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ለ240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው እና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል። አዮዲን ያለው ጨው አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል፤ ሌላ ካልተገኘ ጥቂቱን ሞክረው ካቃጠለዎ ይተዉት። የሚያጥቡበት ጠርሙስም በየቀኑ በፈላ ውኃ ይታጠብና ይድረቅ፤ የተረፈ ውኃ ለነገ አይቀመጥ። መጀመሪያ እጥበቱ፣ ትንሽ ቆይቶ ስፕሬዩ ይሁን፤ ቀድመው ከነፉት ያጥቡታልና።

ሽታዎ እስኪመለስ ድረስ የጋዝ ሲሊንደሩን ሁልጊዜ ከራሱ ከቁልፉ ይዝጉት፤ ከመለኮስዎም በፊት ልጅዎ ወይም ሌላ ሰው አሽትቶ ይንገርዎ። በቀጠሮው ቀን ደግሞ የሲቲ ስካኑን ፊልም ወይም ሲዲ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ያንን ፊት ለፊቱ ሰቅሎ እያየ ነው የሚሠራው።